በሳቅ የታጠረችው ከተማ

ዛሬ ስለ ፓርቲ መግለጫም ሆነ ስለ ሹም ሽር አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ነው፤ ያውም አንዲት ጠንቋይ ሴትና ሰው ሠራሽ ባሏ ስለሚኖሩበት የልዕለ ጀግኖች ታሪክ። «ይህ ደግሞ ለዚህ ገጽ የሚመጥን ጉዳይ ነውን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። አንድ መንግሥት ራሱን ለዜጎቹ እንዴት አድርጎ እንደሚተርክ ለማወቅ የሕገ መንግሥቱን መግቢያ ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ሕዝቡ ከራት በኋላ ምን እያየ እንደሚስቅም መመልከት ያሻል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ፊልሙ «ዋንዳቪዥን» ይባላል። ዲዝኒ ፕላስ በተባለው አገልግሎት ከጥር 15 እስከ መጋቢት 5 ቀን 2021 በዘጠኝ ክፍሎች ቀረበ። የመጀመሪያው ክፍል የታየው በዋሽንግተን የሚገኘው የምክር ቤት ሕንፃ በአመፀኞች በተወረረ በዘጠነኛው ቀን ነበር፤ አሜሪካ በወረርሽኙ ምክንያት ቤቷን ዘግታ በተቀመጠችበት ወቅት። ዋና ጸሐፊዋ ጃክ ሼፈር፣ ዳይሬክተሩ ማት ሻክማን ናቸው። ሻክማን በልጅነቱ ራሱ በሲትኮም የተወነ ሰው ነው፤ ዋንዳን የምትጫወተው ኤልሳቤጥ ኦልሰን ደግሞ ታላላቅ እኅቶቿ «ፉል ሃውስ» በተባለው ሲትኮም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያደጉ መንትዮች ናቸው። እንግዲህ ሥራው የተሠራው በዘርፉ ጓዳ ባደጉ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ዋንዳ ማክሲሞፍ ሶኮቪያ የምትባል፣ በምሥራቅ አውሮፓ እንዳለች ተደርጋ የተፈጠረች፣ ጦርነት ያደቀቃት አገር ልጅ ናት። ወላጆቿን፣ ወንድሟን፣ በመጨረሻም የምትወደውን ቪዥንን በሞት ታጣለች። ኀዘኗ ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት፣ ኃይሏ ከውስጧ ፈንድቶ በኒው ጀርሲ የምትገኘውን ዌስትቪው የተባለች ትንሽ ከተማ በማይታይ አጥር ይከባል። በአጥሩ ውስጥ የሞተው ባል ሕያው ነው፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ ደግሞ የጎረቤት፣ የአለቃ፣ የፖስተኛ ገጸ ባሕርይ ተሰጥቷቸው ያለ ፈቃዳቸው ይተውናሉ። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ዘመን ሲትኮም ይመስላል፤ የመጀመሪያው የሃምሳዎቹን፣ ሁለተኛው የስልሳዎቹን፣ እያለ እስከ ሁለት ሺዎቹ ይዘልቃል። የመጀመሪያው ክፍል በጥቁርና ነጭ፣ እውነተኛ ተመልካች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ እየሳቀ የተቀረጸ ነው። የፊልሙ ባለቤቶች የዘመኑን ጥበብ ለመማር ሲሉ ከአንጋፋው ተዋናይ ከዲክ ቫን ዳይክ ጋር ምሳ በልተው ምክር ጠይቀዋል።

ለመሆኑ እነዚያ ዘመናት ምን ይመስሉ ነበር? ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1951 እንመለስ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 15 ቀን «አይ ላቭ ሉሲ» በሲቢኤስ ጣቢያ ጀመረ። ዛሬ «ባህላዊ» የምንለው የሲትኮም አሠራር መልክ የያዘው በዚያ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀርጹ ሦስት ካሜራዎች፣ በፊልም የተቀዳ ሥራ፣ በፊት ለፊት የተቀመጠ ተመልካች። የብርሃኑንና የካሜራውን ነገር ያቀናው ካርል ፍሮይንድ ቀደም ሲል በጀርመን «ሜትሮፖሊስ»ን ከቀረጹት አንዱ ነበር። ከበርሊን ጨለማ ፊልም እስከ ሉሲል ቦል ማዕድ ቤት! የታሪክ መንገድ ጠመዝማዛ ነው።

ጣቢያው የሉሲ እውነተኛ ባል የሆነው ኩባዊው ዴዚ አርናዝ በፊልሙም ባሏ ሆኖ እንዳይቀርብ አመንትቶ ነበር፤ የአሜሪካ ቤተሰብ እንግሊዝኛ የሚሰብር ባል አይቀበልም በሚል ሥጋት። ሕዝቡ ግን ተቀበለ። ጥር 19 ቀን 1953 ሉሲ በፊልሙ ስትወልድ 44 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየ ይነገራል፤ በማግሥቱ ጄኔራል አይዘንሃወር ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የተመለከተው 29 ሚሊዮን ያህል ነበር። ልብ በሉ፤ ሴቲቱ ወራት ሙሉ ሆዷ ገፍቶ ስትታይ «እርጉዝ» የሚለው ቃል በጣቢያው አልተነገረም። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ሉሲል ቦል በ1936 ለኮሚኒስቶች እመርጣለሁ ብላ የተመዘገበችው ስለ ምን እንደሆነ በምክር ቤቱ መርማሪዎች ተጠየቀች። አያቴን ለማስደሰት ነው አለች፤ አለፈላት። በዚያ ዘመን ስንት ጸሐፊና ተዋናይ በዚሁ ጥያቄ እንጀራውን እንዳጣ ስናስብ፣ ያዳናት የሕግ ክርክር ሳይሆን የሀገር ተወዳጅነትና የፊልሙ ገቢ ነው ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ከዚያ የሳቅ ማሽኑ መጣ። ቻርልስ ዳግላስ የተባለ የሲቢኤስ ድምፅ መሐንዲስ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የተቀዱ ሳቆችን የያዘ፣ እንደ ኦርጋን በጣት የሚመታ ሣጥን ሠራ። ፈገግታ ሲፈለግ አንዱን ቁልፍ፣ ሁካታ ሲፈለግ ሌላውን ይጫናል። ሣጥኑን ቆልፎ ይዞ ይዞር ነበር፤ ውስጡንም ለማንም አያሳይም። ተመልካቹ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ፣ በሌላ ቀን በሌላ ነገር የሳቁ ሰዎች መቼ መሳቅ እንዳለበት ይነግሩታል። ይህን ሣጥን ባሰብሁ ቁጥር የጭብጨባን ነገር አስታውሳለሁ፤ በአዳራሽ ተሰብስቦ በምልክት ማጨብጨብን ለሚያውቅ ትውልድ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሉሲ በከተማ አፓርታማ ነበር የምትኖረው። በ1957 ግን፣ በፊልሙ የመጨረሻ ዘመን፣ እርሷም ወደ ኮነቲከት ገጠር ቀመስ መንደር ተዛወረች። የሲትኮሙ ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳርቻ የወጣው ሕዝቡ ስለወጣ ነው፤ ሕዝቡም የወጣው መንግሥት ስላወጣው ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለአዳዲስ የዳርቻ ቤቶች ብድር ዋስ ይሆን ነበር፤ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ግን ለብድር የማይታመን ብሎ ይመድባል። በ1947 በኒው ዮርክ አቅራቢያ መሠራት የጀመረችው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ አንድ ዓይነት ቤቶች ተደረደሩባት፤ የመጀመሪያው የኪራይ ውሏም ነጭ ያልሆነ ሰው ቤቱን እንዳይጠቀምበት ይከለክል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 የዚህ ዓይነት ውሎች በፍርድ ቤት ሊጸኑ አይችሉም ቢልም ልማዱ በውሳኔ ብቻ አልተነቀለም። ነሐሴ 1957 በፔንሲልቬንያዋ ሌቪታውን አንድ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ገዝቶ ቢገባ ሕዝብ ተሰልፎ ድንጋይ ወረወረበት፤ ፖሊስ ለሳምንታት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 4 ቀን፣ «ሊቭ ኢት ቱ ቢቨር» የተባለው የደጋግ ነጭ ጎረቤቶች ሲትኮም ተጀመረ። ያ ዕለት ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ያመጠቀችበት ዕለትም ነው። ሁለት ኃያላን በአንድ ቀን ሁለት ሰማይ ለዓለም አሳዩ ማለት ነው፤ አንዱ ሰማይ የተወለወለ ሣር ነበረው።

ይህን ሁሉ የማትተው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋንዳቪዥን የመጀመሪያ ክፍል፣ በሃምሳዎቹ ጥቁርና ነጭ ዓለም፣ ከነጮቹ ጎረቤቶች መካከል ጥቁሮችና እስያውያን ያለ አንዳች ኮሽታ ይኖራሉ። ማንም አይገረምም፤ ድንጋይም አይወረወርም። ለዚህ በታሪኩ ውስጥ ምክንያት አለው፤ ነዋሪዎቹ የ2020ዎቹ የኒው ጀርሲ ሰዎች ናቸውና። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። የሕልም መንደር በስተኋላ ተስተካክሎ ለሁሉም ክፍት እንደነበረ ሆኖ ይቀርብልናል። ቪዥን ለዋንዳ የገዛላት ባዶ ቦታ የይዞታ ወረቀት በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝን ዕቃ ነው፤ እኔ ግን ያን ወረቀት ስመለከት ከሰባ ዓመት በፊት በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ምን ይጻፍ እንደነበር ከማሰብ ልቆጠብ አልቻልሁም።

ሁለተኛው ክፍል የሚከተለው «ቢዊችድ»ን ነው፤ በ1964 የጀመረውን። በአጋጣሚ ዋንዳም «ስካርሌት ዊች» በሚለው ስሟ በማርቭል የሥዕል መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለችው በዚያው ዓመት ነው (እግረ መንገዴን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራ የጀመረው በዚሁ 1964 ነበር)። የቢዊችድ ነገር ቀላል ነው፤ ተራራ ማንቀሳቀስ የምትችል ሴት፣ ባሏ ስለ ጠላው ብቻ ችሎታዋን ደብቃ ወለል እንድትጠርግ ትለመናለች። ቤቲ ፍሪዳን ስለ ተማሩና በቤት ስለ ታፈኑ የዳርቻ መንደር ሴቶች መጽሐፏን ያሳተመችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ሲትኮሙ መጽሐፉ የተናገረውን ነገር በቀልድ መልክ በየሳምንቱ ይናገር ነበር፤ ክፍሉ ሲያልቅ ግን ሴትየዋ እንደገና ማዕድ ቤት ናት።

የሲትኮም ሕጉ ይኸው ነውና። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነገር ይደፈርሳል፣ ይሳቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የልዕለ ጀግናም ሕግ ከዚህ አይርቅም፤ ከተማ ይፈርሳል፣ ጠላት ይሸነፋል፣ ሥርዓቱ እንደ ነበረ ይቀጥላል። ሁለቱን ዘርፎች ማጋባት ለብዙዎች እንግዳ ነገር መስሎ የታየው በዕቃዎቻቸው ልዩነት ነው፤ አንዱ ካባ፣ ሌላው ሶፋ። በፖለቲካ ጠባያቸው ግን የአንድ አያት ልጆች ናቸው። የዋንዳቪዥን ብልኅነት ይህን ዘመድነት ማግኘቱ ላይ ይመስለኛል።

ወደ ሰባዎቹ ስንደርስ ግን ከፊልሙ ጋር ጠብ አለኝ። ለዚያ ዘመን የመረጠው አርአያ «ዘ ብሬዲ በንች» ነው፤ መስከረም 1969 የጀመረ፣ ስድስት ልጆችና አንዲት ሠራተኛ ያሉት፣ የቬትናም ጦርነት ደጁን ያላንኳኳው ቤት። በጀመረ በሁለተኛው ወር የማይ ላይ ጭፍጨፋ ለዓለም ተገለጠ፤ በብሬዲዎች ቤት ግን የሚያስጨንቀው የልጅ ጥርስ ማሰሪያ ነው። የሰባዎቹ እውነተኛ የሲትኮም ታሪክ በሌላ ቤት ነበር። ጥር 12 ቀን 1971 የኖርማን ሊር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ተጀመረ፤ አርቺ በንከር የተባለ ዘረኛ ሠራተኛ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ጥቁሮች፣ ስለ አይሁድ፣ ስለ ጦርነቱ ሲለፈልፍ አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ድምፅዋን በሲትኮም ሰማች። ከዚያ በ1974 «ጉድ ታይምስ»፣ በ1975 «ዘ ጀፈርሰንስ» ተከተሉ፤ ጥቁር ቤተሰቦች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ሀብትና ስለ ጎረቤት ክርክር ገጠሙ። ዋንዳቪዥን ይህን ሁሉ ይዘለዋል። በባለቤቷ በዋንዳ ዓይን ካየነው መዝለሉ ትክክል ነው፤ ከኀዘን የሚሸሽ ሰው አርቺ በንከርን አይመርጥም። ነገር ግን ብዙ ወጣት ተመልካች የሲትኮምን ታሪክ የሚማረው ከዚህ ፊልም በመሆኑ፣ ዘርፉ አንድ ጊዜ ከእንቅልፉ የነቃበት ዘመን ከትዝታ ተሰርዞ መውጣቱ ያሳዝነኛል።

ወደ ሰማንያዎቹ እንለፍ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛም ቤት ይገባል። አምስተኛው ክፍል ከሚመስላቸው አንዱ «ፋሚሊ ታይስ» ነው፤ በ1982 የጀመረ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ከሁሉ የምወደው ፕሮግራም ነው ያሉት። በ1984 መጸው ኤንቢሲ ጣቢያ ይህን ፕሮግራም በሐሙስ ምሽት ከአዲሱ «ኮስቢ ሾው» ቀጥሎ ያሳየው ጀመር፤ ኮስቢ የጀመረው መስከረም 20 ቀን ነበር። ከዚያ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ደርግ በአዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሯል፤ ወሎና ትግራይ በረኀብ እያለቁ፣ ወሬው ከድግሱ እንዳይቀላቀል ተከልክሎ። ጥቅምት 23 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቆረም ያመጡት ምስል ተላለፈ። በአሜሪካ ያንኑ ምስል በዜናው ያሳየው ያው ኤንቢሲ ነበር። በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ሳሎን፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ የሞቀው የኮስቢ ቤትና የቆረም ንጋት ተቀመጡ። የእኛው ጣቢያ ደግሞ በዚያው ወቅት ሰልፍና የአበባ ጉንጉን እያሳየ ነበር። የአሜሪካው ጣቢያ ቢያንስ ሁለቱንም አሳይቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአንድን አገር ቴሌቪዥን ከሌላው የሚለየው የሚያስቀው ፕሮግራም መኖር አለመኖሩ አይደለም፤ ሳቁን አቋርጦ የሚገባ ነገር መኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ከሲትኮም ጋር መጣላት ጀመሩ። በ1992 ከሎስ አንጀለሱ ሁከት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት ኩዌል ያለ ባል የወለደችውን «መርፊ ብራውን» የተባለች የሲትኮም ገጸ ባሕርይ በንግግራቸው ኰነኑ። የሌለች ሴት በሌለ ልጅዋ ምክንያት በምርጫ ዘመቻ ተከሰሰች! ስለ ዘጠናዎቹ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የፊልሙ ልብ ስምንተኛው ክፍል ነው። ዋንዳ ሕፃን ሳለች አባቷ የአሜሪካ ሲትኮሞች ዲቪዲ በሻንጣ ይዞ ይሸጥ ነበር። በምሽት ቤተሰቡ አንዱን መርጦ ያያል፤ እንግሊዝኛ ለመለማመድ በሚል። ውጪ ተኩስ አለ፣ ውስጥ ዲክ ቫን ዳይክ አለ። ልጅቱ እየሳቀች ሳለ ቦምብ ቤቱን ይመታል፤ አባትና እናት ይሞታሉ። ሌላ ቦምብ ይከተላል፤ ሳይፈነዳ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። በላዩ ላይ የተጻፈው «ስታርክ» የሚል ስም ነው፤ የአሜሪካዊው የጦር መሣሪያ አምራች፣ በኋላም የልዕለ ጀግናው ስም። ፍርስራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥራውን ቀጥሏል፤ ሳቁም አልተቋረጠም።

ሕልሙም ቦምቡም ከአንድ አገር መጡ። ይህን በአንድ ትዕይንት፣ ያለ ንግግር፣ ያሳየ የአሜሪካ የንግድ ፊልም ብዙ አላውቅም። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል መሃል የሚገባ የውሸት ማስታወቂያ አለ፤ የስታርክ ኩባንያ የዳቦ መጥበሻ ማስታወቂያ። በጥቁርና ነጩ ዓለም ውስጥ የሚታየው የመጀመሪያው ቀለም የመጥበሻው ቀይ መብራት ነው። ተመልካቹ ያን መብራት ምን እንደሆነ የሚረዳው ስምንተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። በ1959 ሞስኮ ውስጥ ኒክሰንና ክሩሽቾቭ በአሜሪካ ማዕድ ቤት ሞዴል ፊት ቆመው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲከራከሩ፣ ከማሽኑ ጀርባ ስላለው ሚሳይልም ነበር የሚከራከሩት።

አምስተኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ «ሌጎስ» የሚባል የወረቀት ፎጣ ይተዋወቃል፤ ሳያስቡት ያፈሰሱትን የሚጠርግ ፎጣ። ሌጎስ በ2016ቱ የማርቭል ፊልም ዋንዳ አደጋ ለማክሸፍ ስትሞክር ሳታስበው ብዙ ሰዎችን ያስገደለችባት የናይጄሪያ ከተማ ናት። ማስታወቂያው የዋንዳን ጸጸት ለመግለጽ የገባ ነው፤ ስላቁም ይገባኛል። ሆኖም ከሟቾቹ የአንዱን ስም የሚያስታውስ ተመልካች አላጋጠመኝም፤ እኔም አላስታውስም። የአፍሪካ ከተማ በአንዲት አውሮፓዊት ኅሊና ላይ ያረፈ እድፍ ሆና ቀረች።

የዌስትቪው ነዋሪዎች ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቪዥን ኖርም የተባለውን የሥራ ባልደረባውን ለአፍታ ከድግምቱ ሲያላቅቀው፣ ሰውየው የመጀመሪያ ነገሩ ስለ ታመመ አባቱ መጠየቅና «አስቁሟት» ብሎ መለመን ነው። በመጨረሻው ክፍል ነዋሪዎቹ ሲነቁ፣ በእንቅልፋቸው የሚያዩት የዋንዳን ቅዠት እንደሆነ ይነግሯታል፤ አንዲት እናት ልጇ ከተዘጋባት ክፍል እንድትወጣ፣ በፊልሙ ውስጥ ትንሽ ሚና እንኳ ቢሆን እንዲሰጣት ትማፀናለች። ይህ ልመና የሚዘገንን ነው። በድርሰቱ ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ የሰው ልጅ ክፍል ውስጥ ይዘጋል፤ ነፃነት ሳይሆን ሚና ይለመናል። ሰዎችን በጠመንጃ ማስገዛት የታወቀ ነው፤ በፈገግታ ማስገዛትን ግን በዚህ ግልጽነት ያየሁት ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። ከላይ ያለው ሰው እያዘነ መሆኑ፣ ለራሱም ሆነ ለቤቱ ፍቅር ብቻ የሚሻ መሆኑ፣ ከታች ላለው ምን ይጠቅመዋል?

ዋንዳ በስተመጨረሻ አጥሩን ታፈርሳለች፤ ባሏንና በድግምት የወለደቻቸውን ልጆች መልሳ ታጣለች። ከባድ ዋጋ ነው፤ ፊልሙም በሚገባ አሳዝኖናል። ከዚያ በከተማይቱ አደባባይ፣ ሰዎቹ በጥላቻ እያዩዋት ስታልፍ፣ ጥቁሯ መኮንን ሞኒካ ራምቦ ታገኛትና እነዚህ ሰዎች ስለ እነርሱ ምን እንደከፈልሽ መቼም አያውቁም በሚል መንፈስ ታጽናናታለች። እዚህ ላይ ፊልሙ ከእጄ ወደቀ። ሞኒካ እናቷን ያጣች፣ ዋንዳን ለመረዳት ብዙ የደከመች ሴት ናት፤ ለራሷ ይቅር ማለት መብቷ ነው። የኖርምን፣ የዚያችን እናት፣ የዚያችን ልጅ በደል ይቅር ለማለት ግን ማን ሾማት? ተበዳዮቹ እዚያው ቆመዋል፤ አፍ አላቸው፤ የጠየቃቸው የለም። ስለ ይቅርታና ስለ ዕርቅ በየአዳራሹ በሚነገርባት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ትዕይንት ከሌላው ተመልካች ለየት ባለ ጆሮ ብንሰማው አይፈረድብንም።

ዋንዳ በርራ ትሄዳለች፤ የሚይዛት የለም፤ ፍርድ ቤትም አይታይም። በግንቦት 2022 በወጣው የዶክተር ስትሬንጅ ፊልም እንደገና ትመጣለች፤ በዚያ ጊዜ ክፉ ሆና። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ሰው ቀጥታለች። ጎረቤት መስላ ስትሰልላት የኖረችውን ጠንቋይ አጋታን አሸንፋ፣ ያችኑ ወሬኛ ጎረቤት፣ አግነስን ሆና እንድትቀር ፈርዳባታለች። ሁሉም ነፃ ሲወጣ አጋታ በሲትኮሙ ውስጥ ተዘግታ ቀረች፤ ያውም እንደ ቀልድ ነው የቀረበው፤ እኛም ሳቅን። በ2024 መስከረም በስሟ የተሠራው ተከታታይ ፊልም ሲጀምር ዓመታት አልፈዋል፤ አጋታ አሁንም ድግምቱ ውስጥ ናት፣ የወንጀል መርማሪ የሆነች መስሏት በዌስትቪው ጎዳናዎች ትመላለሳለች። ጎረቤቶቿም፣ ያው የትናንቶቹ እስረኞች፣ እውነቱን እያወቁ እንደ ታማሚ አባብለው ያኖሯታል።